የፈሪው መቀነት

ይህን የነገሩኝ ሰው ውሸት አይወዱም ነበር፤ እኔ የጨመርኩበት ጨው ብቻ ነው። ጨው በዛብኝ የሚል ውሃ ይጠጣ እንጂ አያቋርጠኝ።

አንድ አገር ነበር። ስሙን አልናገርም። «ፈርቶ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ደፍሬ ዝም ብዬ ነው። ይህ አነጋገር የዚያው አገር ነው፤ ቆዩ፣ ትደርሱበታላችሁ።

በዚያ አገር «ፈሪ» የምትል ቃል እንዲሁ ከሰው አፍ አትወጣም። የመንግሥት ንብረት ናት። የምትሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ እስኪሞት ድረስ የአገሩ ፈሪ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከንጉሡ ጀምሮ እስከ ከሰል አክሳዩ ድረስ፣ በሕግ ጀግና ነው። ፈሪው ብጫ መቀነት ይታጠቃል። መቀነት እንግዲህ የሴት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሪዛም ሰውዬ መቀነት ታጥቆ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ፈሪው ሲሞት መቀነቱ ታጥቦ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ሳጥኑን የሚጠብቁ ሹም አሉ፤ ማዕረጋቸው ቃል ጠባቂ ነው።

«እፈራለሁ» ማለትም የተፈቀደው ለዚሁ ለአንድ ሰው ነው። ሌላው ጅብ አይቶ በመጣበት መንገድ ሮጦ ቢመለስ «ደፍሬ ተመለስኩ» ይላል። ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ያቃተው «ደፍሬ ተቀምጫለሁ» ይላል። ውሻ ጭራውን ቆልፎ ሲሸሽ «ፈሪ ውሻ» ማለት ያስቀጣል፤ «ረጋ ያለ ውሻ» ነው የሚባለው። አንዲት እናት ተሳስታ ልጇን በዚያች ቃል ጠርታው ቃል ጠባቂው ዘንድ ቀርባ አፏን በእንዶድ ተጉመጠመጠች ይባላል። ይህን ጨው ነው ብትሉኝም አልቀየምም።

ደግሞ በዓመት አንድ ቀን የፍርሃት ቀን ነበራቸው። ፈሪው አደባባይ ቆሞ የሚፈራውን አንድ በአንድ ይናገራል። ሕጉ ሁሉም እንዲሰማው ያዛል፤ ሁሉም እንዲስቅበትም ያዛል። «የላይኛው ግድብ ያስፈራኛል፤ ውሃ ያሾልካል» ይላል። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል። በማግስቱ ግድቡ ተጠግኖ ይገኛል። ማን ጠገነው ተብሎ አይጠየቅም። የድሮ ሰዎች እንዲህ ነበሩ፤ ሳቃቸውንም ይስቃሉ፣ ሥራቸውንም ይሠራሉ።

እንግዲህ የእኛ ሰው አያ ጓንጉል ይባላል። የፈረስ ጭራ እየገመደ ወንፊት የሚሠራ፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። መቀነቱ እንዴት እንደደረሰው ልንገራችሁ።

በጎልማሳነቱ፣ የፊተኛው ፈሪ ሞቶ መቀነቱ ሳጥን ውስጥ ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች ዘመቻ ወጡ። ወንዝ ተሻግረው ጎረቤት አገር ሊወጉ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙ ከጉልበት አይዘልም። አራት መቶ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ሲከት ጓንጉል ብቻ ጆሮውን አቀና። ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል ሰማ። «ወንዙ ሞልቶ እየመጣ ነው! እፈራለሁ!» ብሎ ጮኸና ዞሮ ሮጠ። በዚያ አገር ሕግ ደግሞ ፈሪ ሲሸሽ ጀግና የሆነ ሁሉ አሳድዶ መያዝ ግዴታው ነው። እናም አራት መቶው ሰው «ያዘው! ያዘው!» እያለ ከወንዙ ወጥቶ ሽቅብ ወደ አንድ ጉብታ ተከተለው። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ደራሹ ውሃ ከኋላቸው ዛፍ እየነቀለ አለፈ። አንድ ሰው አልሞተም። ከአሳዳጆቹ ሁሉ የቀደመው ባላምባራስ ይመር ነበር፤ እንዲያውም ሲሮጥ ጓንጉልን አልፎት ሄዶ ኋላ ተመልሶ ነው የያዘው ይላሉ። እሱ ጎራዴ ተሸለመ፤ ጓንጉል መቀነቱን ታጠቀ። አይ ሰው!

ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እንጉዳይ የምትባል ልጅ ወለደችለት፤ እናቲቱ ብዙም ሳትቆይ ዓረፈች። ጓንጉል ልጁን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ወንፊቱን እየሠራ አሳደጋት።

አሁን ደግሞ የዚያ አገር ሰዎች ብቻ ሊያመጡት የሚችሉትን ነገር ስሙ። ሰው ሁሉ ጀግና ነው ማለት ሰው ሁሉ የሚፈራውን የሚያስቀምጥበት የለውም ማለት ነው። ሆድ ደግሞ ጠባብ ዕቃ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ባንድ፣ ወደ አያ ጓንጉል ቤት ይመጡ ጀመር። «አያ ጓንጉል፣ ወንፊት ታውሰኛለህ?» ይላሉ። እቤታቸው ሦስት ሦስት ወንፊት ሰቅለው! ገብተው ይቀመጡና «አንድ ሰው አለ፣ እኔ አላውቀውም፤ ደረቱን እየወጋው ሌሊት አይተኛም» ይላሉ። ወይም «አንዲት ሴት አለች፣ ሦስት ወር አለፋት፣ የፊተኛው ስለጨነገፈባት…» ይላሉ። አያ ጓንጉል ጭራውን እየገመደ ያዳምጣል። በመጨረሻ ሁሌ የሚለው አንድ ነገር ነው፦

«ግድ የለም። የሱን እኔ እፈራለታለሁ።»

ያቺን ቃል ሰምተው ወንፊቱን ይዘው ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። እሱም እውነቱን ነው፤ ይፈራላቸዋል። የፍርሃት ቀን ሲደርስ ሁሉንም የራሱ አድርጎ አደባባይ ያወጣዋል፤ ይሳቅበታል፤ ነገሩም በማግስቱ መላ ይገኝለታል።

ከወንፊት ተዋሾች ሁሉ የማይቀሩት የዚያው የባላምባራስ ይመር ሚስት፣ እሜቴ ዘርፌ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አላምረው የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የቀራቸው። ከሰባት ቤት ጀግና የተወለዱ፣ አንገታቸው የማይዞር፣ መንገድ ላይ አያ ጓንጉልን ሲያዩ ሰላምታ የማይሰጡ ሴት። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወንፊት ፈልገው ይመጣሉ። «አንዲት ሴት አለች፤ ልጇ ወንዝ ሲሻገር ሆዷ ይርዳል» ይላሉ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። «እኔ እፈራላታለሁ፣ እሜቴ» ይላቸዋል። ይሄ ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ታዲያ አላምረውና እንጉዳይ ይዋደዱ የለም? የት እንደተገናኙ አልጠይቅም፤ ምናልባት እሱም ወንፊት ሊዋስ መጥቶ ይሆናል። አላምረው ሽማግሌ ይላክልኝ ሲል እሜቴ ዘርፌ ምን አሉ መሰላችሁ? «የፈሪ ልጅ የይመርን ደጅ አትረግጥም!» ማግስቱ ሐሙስ ነበር። ወንፊት ሊዋሱ መጡ። አያ ጓንጉልም ተነሥቶ ወንበር አመቻቸላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አሁን ወደ ማማው ልውሰዳችሁ። ያ አገር የጀግኖች ማማ የሚባል የእንጨት ማማ ነበረው፤ በአራት ትልልቅ ምሰሶ የቆመ። በየዓመቱ አንድ ደርብ ይጨመርበታል፤ መጨመር ጀግንነት ነዋ! ያኔ አሥራ አንድ ደርሶ ነበር። በማማው በዓል ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ላዩ ላይ ይጨፍራል፤ የዓመቱ ሙሽሮች ከላይኛው ደርብ ላይ ይመረቃሉ። ፈሪው ብቻ ከሥር መሬት ላይ ይቆማል። አያችሁ፣ ምሰሶውን በቅርብ የሚያየው ሰው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ከበዓሉ በፊት፣ አያ ጓንጉል በስተምሥራቅ ያለውን ምሰሶ በጥፍሩ ቢነካው እንደ በሶ ቦነነ። ጣቱን ሰደደው፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ምስጥ ጨርሶታል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ ምሰሶ ግን ይነቅዛል። «የፍርሃት ቀን ደርሷል፤ ያን ዕለት እናገረዋለሁ» ብሎ መጠበቅ ጀመረ።

ክፋቱ፣ ያኔ አዲስ ቃል ጠባቂ ተሹመው ነበር። አዛዥ ድፋባቸው ይባላሉ፤ ጢማቸውን በቅቤ የሚያሹ፣ ክፉ ያልሆኑ ግን ማማር የሚወዱ ሰው። ለንጉሡ እንዲህ አሉ፦ «ግርማዊ ሆይ፣ አንድ ፈሪ ለምን ይኖረናል? ከጓንጉል ላይ ቃሉን ብናነሳለት በዓለም ላይ አንድም ፈሪ የሌለበት አገር እኛ እንሆናለን። ሳጥኑን በሚስማር መትተን እንዘጋዋለን።» ንጉሡ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። «ለጓንጉል ምሕረት ነው የምትለኝ?» አሉ። «ምሕረት ነው።» «እንግዲያ ይሁን፤ እኔም አዝንለት ነበር።» ፈሪ ስለማይኖርም የፍርሃት ቀን ተሻረ። ቃሉ የሚነሳው ቅዳሜ በሚውለው በማማው በዓል ዕለት እንዲሆን ታዘዘ።

ወሬው እንደተሰማ እሜቴ ዘርፌ ራሳቸው ሽማግሌ ላኩ። የፈሪ ልጅ የጀግና ልጅ ልትሆን ነዋ! ሠርጉ ለዚያው ለበዓሉ ተቆረጠ፤ እንጉዳይና አላምረው ከላይኛው ደርብ ላይ ሊመረቁ ነው።

አያ ጓንጉል አዛዡ ዘንድ ሄደ። መቀነቱን አጥብቆ፦

«አዛዥ፣ ማማው ያስፈራኛል። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል።»

አዛዡ መዝገብ አገላበጡ። «ቅዳሜ ቃሉ ይነሳልሃል። አሁን አንተ በጡረታ መውጫ ላይ ያለህ ፈሪ ነህ፤ ፍርሃትህ አይመዘገብም።»

«እንግዲያ ራሴ ልጠግነው።»

«ሊጠገን? የጀግኖች ማማ ይጠገናል ማለት ታሞ ነበር ማለት ነው። ታሞ ነበር የሚል ማን ነው? ፈሪ። ፈሪ ደግሞ ከቅዳሜ በኋላ የለም።» ጢማቸውን አሹ። «መቀነቱን አላወልቅም ካልክ ሠርጉ መቅረቱ ነው። ምርጫው ያንተ ነው፣ ወንድሜ።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ እንጉዳይ ቀሚሷን እየሰፋች አገኛት። ነገራት። መርፌዋን አቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ 'መቀነቲቱ' እያሉኝ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን አልነገርኩህም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አንድ ቀን እንደ ሰው ልሁን አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?»

ተነሥታ አቀፈችው። «ያሻህን አድርግ፤ አልቀየምህም» አለችው። የባሰ ነው ይሄ! ብትቀየመው ይሻለው ነበር።

ሐሙስ እሜቴ ዘርፌ መጡ። «ወንፊት» አሉና ተቀመጡ። አያ ጓንጉል ግን እጁ ሥራ ፈትቷል፤ ጭራው መሬት ላይ ተበትኗል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፍርሃት ሲሰማ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን አወጣ።

«እሜቴ፣ አንድ አባት አለ። ቅዳሜ አፉን ከዘጋ ልጁ ከነባሏ ትሞትበታለች። ከተናገረ ደግሞ ኑሮዋ ይበላሻል። ማን ይፍራለት?»

እሜቴ ዘርፌ ጣሪያውን ማየት ትተው ፊቱን አዩት። ምሰሶው የቱ እንደሆነ ጠየቁት፤ ነገራቸው። ወንፊቱን አንሥተው ወጡ። ሆድ ይፍጀው ያሉ መስሎት አዘነባቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሕዝቡ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ማማው ላይ ወጥቷል፤ ንጉሡ አሥራ አንደኛው ደርብ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥር የቀሩት አዛዥ ድፋባቸው ከነሳጥናቸው፣ አያ ጓንጉል፣ ሙሽሮቹና የሙሽራው እናት ብቻ ናቸው። እሜቴ ዘርፌ ወንፊት በእጃቸው ይዘዋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

አዛዡ መቀነቱን ፈትተው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። ሥርዓቱ «አልፈራም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ማለት ነው።

«በል» አሉት።

«አልፈራም» አለ አያ ጓንጉል። ከላይ እልልታ ወረደ። ሕዝቡ ሲጨፍር ምሰሶው ሲጥ አለ።

«አልፈራም» አለ። ከምሰሶው ዱቄት ረገፈ።

እንጉዳይ እግሯን መሰላሉ ላይ አደረገች። አያ ጓንጉል የልጁን ተረከዝ አየ። ሦስተኛውን ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እፈራለሁ! ኧረ በፈጠራችሁ እፈራለሁ፣ ውረዱ!»

አዛዥ ድፋባቸው አልደነገጡም። ወደ ላይ አንጋጠው «አልተሰማም!» ብለው ጮኹ። «መቀነቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ጀግና ፈርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጓንጉል ምንም አላለም። ከበሮ!» ከበሮው ተመታ። አያ ጓንጉል ይጮኻል፤ በሕግ የሚሰማው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰማ ሰው አሁን ለልጁ ሲሆን ጊዜ ሰሚ አጣ። መሬት ላይ ተቀመጠ። አዛዡም ሚስማሩን አውጥተው የሳጥኑን ክዳን ሊመቱ ጎንበስ አሉ።

እሜቴ ዘርፌ ያኔ ነው የተነሡት። አዛዡን በወንፊቱ እጃቸውን መታ አድርገው ክዳኑን ከፈቱ። ብጫውን መቀነት አወጡ፤ ወገባቸው ላይ ሁለቴ አዙረው አሰሩት።

«እሜቴ! ምን እያደረጉ ነው?» አሉ አዛዡ።

«መቀነትማ ለሴት ነው የሚያምረው» አሉ እሜቴ ዘርፌ። ከዚያ ወደ ጓንጉል ዞረው፣ «ባሌን ከወንዝ አውጥተህ ሰጥተኸኛል። እኔ ደግሞ ልጅህን ደጄን አላስረግጥም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈርተህልኛል፤ ዛሬ እኔ ልፍራልህ» አሉት።

ወደ ማማው ቀና ብለው ሳንባቸው እስኪተረተር ጮኹ፦ «እፈራለሁ! እኔ የይመር ሚስት፣ የሰባት ቤት ጀግና ልጅ፣ እፈራለሁ!»

ከበሮው ቆመ። ማንም አልሳቀም።

ቢሆንም ማን ይውረድ? ቀድሞ የወረደ ፈራ ሊባል ነው። ስድስት መቶ ጀግና እርስ በርሱ ይተያያል። ይሄን እሜቴ ዘርፌ አስቀድመው አስበውበታል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወንፊቱን እንደያዙ፣ ከማማው ማዶ ወዳለው ጉብታ መሸሽ ጀመሩ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል። ሽሽታቸው ከሌላ ሰው እርምጃ ይዘገያል።

«ምንድን ነው? ማን ሸሸ?» አሉ ንጉሡ ከላይ።

«እሜቴ ዘርፌ!» አላቸው ሕዝቡ።

«ፈሪ ሸሽታ ምን ትጠብቃላችሁ? ሕግ የለም እንዴ በዚህ አገር? ያዟት!» ብለው ከሁሉ ቀድመው እሳቸው ወረዱ። ከአሥራ አንድ ደርብ እንዴት በዚያ ፍጥነት እንደወረዱ እስካሁን ያስገርማል። ከኋላቸው አገሩ ሁሉ ወረደ፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ከበሮ መቺው፣ «ያዟት! ያዟት!» እያለ። አላምረው የሙሽራይቱን እጅ ይዞ እናቱን ያሳድዳል። አያ ጓንጉልም ጀግና ነውና ማሳደድ ግዴታው ነው፤ ተነሣ። አዛዥ ድፋባቸው ግን ሳጥናቸውን አቅፈው ከማማው ሥር «ሥርዓቱ አላለቀም!» እያሉ ቆመዋል። አያ ጓንጉል ኮታቸውን ጨምድዶ ይዞ «አዛዥ፣ ፈሪ እያመለጠች እርስዎ ይቆማሉ?» እያለ ጎተታቸው።

ኋላ የሆነውን ብታዩት! አንዲት አሮጊት ከፊት እያነከሱ፣ ስድስት መቶ ሰው ከኋላ እንዳይደርስባቸው እየተጠነቀቀ። እሳቸው ለእረፍት ሲቆሙ ሁሉም ይቆማል። አንዱ እንዲያውም ምርኩዝ አቀበላቸው።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ ከኋላ እንጨት ሲሰበር ተሰማ። ዞሩ። ማማው አንዴ ዘመመና፣ አሥራ አንዱም ደርብ ባንድ ላይ ተንዶ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። ሰው አልነበረበትም። እናቶች ልጆቻቸውን እየዳሰሱ ቆጠሩ። እንጉዳይ የአባቷን አንገት ይዛ ታለቅሳለች።

በመጨረሻ ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማማው… ደፍሮ ተቀመጠ» አሉ።

«ደፍሮ ተቀመጠ!» አለ ሕዝቡ።

አዛዥ ድፋባቸው ሳጥናቸውን ተመለከቱ፤ አቧራውን ተመለከቱ። ቀስ ብለው እሜቴ ዘርፌ ዘንድ ሄደው ጎንበስ አሉና የተፈታውን የመቀነቱን ጫፍ አስተካክለው አሰሩላቸው። የፍርሃት ቀንም ዓመቱን ሳይጠብቅ ተመለሰ።

ሠርጉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛወረ። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ሳለች፣ ወንፊት ሠሪው አያ ጓንጉል የእሜቴ ዘርፌን ደጅ አንኳኳ። ዕድሜውን ሙሉ ረግጦት አያውቅም። እሜቴ ብጫ መቀነታቸውን ታጥቀው ከፈቱለት።

«እሜቴ፣ ወንፊት ይኖርዎ ይሆን? ልዋስ ብዬ ነበር።»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወንበር አመቻቹለት። ተቀመጠ። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«አንድ ሰው አለ» አለ። «ቅዳሜ ልጁን ሊድር ነው። እሑድ ጠዋት ሲነሣ ቤቱ ውስጥ ማንም አይኖርም።»

እሜቴ ዘርፌ ከተሰቀሉት ሦስት ወንፊቶች አንዱን አውርደው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ሦስቱንም የሠራው እሱ ነው።

«እሱን እኔ እፈራልሃለሁ» አሉት። «አንተ ሂድና ለልጅህ ጨፍርላት። እሑድ ደግሞ ወንፊቱን መልስ፤ ምሳ እዚሁ ነው።»